ለርካሽ ካርድ ምን ዓይነት ፕሮሰሰር?

ኮምፒውተር ለጌም የሚገዙ ልጆች አስቀድመው የሚጠይቁኝ «ከፕሮሰሰር የትኛው ይበልጣል?» ብለው ነው። ጌም ጊዜ ይበላል የሚሉ ወላጆች እውነት አላቸው፤ እሱ ለሌላ ጊዜ ይቆየን። ገንዘብም እንዳይበላ ግን ይህን እንወቅ፦ ፕሮሰሰሩ የጨዋታውን ስሌት ሠርቶ ያቀብላል፤ ምስሉን የሚሠራው ግራፊክስ ካርዱ ነው። ካርዱ ደካማ ከሆነ ውዱ ፕሮሰሰር ሥራ ፈትቶ ይጠብቀዋል።

አንድ ተማሪዬ ከወንድሙ ጋር ዓመት ሙሉ ያጠራቀሙትን ገንዘብ ሊያወጡ ሲሉ አማከረኝ። አብዛኛውን ለኮር አይ 7 መድበው፣ በቀሪው እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣውን ባለ 4 ጊጋባይት ጂቲኤክስ 1650 ሊገዙ ነበር። በ2022 የወጣው ኮር አይ 3-12100ኤፍ እንደሚበቃቸው ነገርኩት።

«ኡስታዝ፣ አይ 3 እኮ የቢሮ ነው!»

«ከሰረዙ በኋላ ያለውን 12 እይ፤ 12ኛው ትውልድ ነው። በ4 ኮር 8 ሥራ ጎን ለጎን ያስኬዳል።»

በተረፈው ገንዘብ ባለ 8 ጊጋባይቱን አርኤክስ 6600 ገዙ።

ርካሽና ርካሽ ሁሉ ግን አይስማማም። አርኤክስ 6500 ኤክስቲ ከማዘርቦርዱ ጋር የሚገናኘው በ4 መስመር ብቻ ነው። ራይዘን 5 5500 ደግሞ የሚያውቀው 3ኛውን ፒሲአይ ኤክስፕረስ ስለሆነ፣ መስመሮቹ የፍጥነታቸውን ግማሽ ያጣሉ። ሁለቱን አንድ ላይ የሚሸጥላችሁ ነጋዴ ይህን ላይነግራችሁ ይችላል። ራይዘን 5 5600 4ኛውን ይቀበላል፤ ማዘርቦርዱም መቀበል አለበት።

ኮምፒውተሩ ቤት ውስጥ ካለ፣ አንዱን ከመቀየራችሁ በፊት የጨዋታውን ሬዞሉሽን ዝቅ አድርጋችሁ ሞክሩ። ፍጥነቱ ከጨመረ የደከመው ካርዱ ነው፤ ካልጨመረ ፕሮሰሰሩ።