ከሕፃን ልጅ ጋር በስቶክሆልም

ሰው ወደ ውጭ አገር ሲጓዝ ስለ ሻንጣው፣ ስለ ፓስፖርቱና ስለ ብርድ ልብሱ አስቀድሞ ያስባል። ሕፃን ልጅ ይዛ የምትጓዝ እናት ግን አንድ ተጨማሪ ጥያቄ አለባት፤ ይኸውም «ልጄ ቀኑን የት ትውላለች?» የሚለው ነው። እኔ ይህ ጥያቄ የመጣብኝ ከደረስኩ በኋላ ነበር።

በ2010 ዓ.ም. በታኅሣሥ ወር ባለቤቴ ለስድስት ወር ትምህርት ወደ ስዊድን ዋና ከተማ ወደ ስቶክሆልም ሲሄድ፣ እኔም ከመሥሪያ ቤቴ ያለ ደመወዝ ፈቃድ ወስጄ፣ ሁለት ዓመት ያልሞላትን ልጃችንን ይዤ ተከተልኩት። ስቶክሆልም በ14 ደሴቶች ላይ የተቆረቆረች፣ በድልድዮች የተያያዘች ውብ ከተማ ናት። በታኅሣሥ ግን ፀሐይ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ሳይሞላ ትጠልቃለች። ባለቤቴ ጠዋት በጨለማ ወጥቶ ማታ በጨለማ ይመለሳል። እኛ ሁለታችን አራተኛ ፎቅ ላይ በተከራየናት አንዲት ክፍል ውስጥ እንቀራለን።

አዲስ አበባ ሳለን ልጄ ቁርሷን ከበላች በኋላ መዋያ አጥታ አታውቅም። አንዷ ጎረቤት ዳቦ ታቀብላታለች፤ ሌላዋ ቡና ስታፈላ አጠገቧ ታስቀምጣታለች፤ የሰፈሩ ልጆች አዝለዋት ይዞራሉ። በስቶክሆልም ግን ሳይቀጣጠሩ የጎረቤት በር አይንኳኳም። ብዙም ሳንቆይ ልጄ መስኮት ሥር ቆማ ዝም ማለት ጀመረች። የምታውቃቸውን ጥቂት ቃላት እንኳ ተወቻቸው። አንድ ቀን ወተቷን ምንጣፍ ላይ ስትደፋ ጮኼ ተቆጣኋት። እሷ ስታለቅስ እኔም አለቀስኩ። የሁለታችንም ሕመም አንድ መሆኑን የተረዳሁት ያን ጊዜ ነው።

መፍትሔ ፍለጋ በመጀመሪያ የሄድኩት አገር ጎብኚዎች ወደሚሄዱባቸው ቦታዎች ነበር። ስካንሰን የተባለው ሥፍራ እ.ኤ.አ. በ1891 በአርቱር ሃሴሊዩስ የተከፈተ፣ ከልዩ ልዩ የስዊድን አውራጃዎች የመጡ የጥንት ቤቶች በገላጣ ቦታ ላይ ተሰብስበው የሚታዩበት ሙዚየም ነው። የሰሜን አገር አራዊትም ይገኙበታል። ነገር ግን ድቦቹ በክረምት ጉድጓዳቸው ገብተው ይተኛሉ። ልጄም በጋሪዋ ውስጥ እንቅልፍ ወሰዳት። ከፍዬ የገባሁት እንቅልፋሞችን ለመጠበቅ ሆነ!

ቀጥሎ እ.ኤ.አ. በ1996 ወደ ተከፈተው፣ የታዋቂዋ የሕፃናት ደራሲ የአስትሪድ ሊንድግሬን ተረቶች ወደሚታዩበት ወደ ዩኒባከን ወሰድኳት። በውስጡ በተረቶቹ ዓለም መካከል የምታልፍ ትንሽ ባቡር አለች። ከፍ ላሉ ልጆች እጅግ የሚያስደስት ነው። የእኔዋ ግን ጨለማውን ፈርታ በአንገቴ ላይ ተጠመጠመች። ለሁለት ቀን መውጫ ያወጣነው ገንዘብ የሳምንት አስቤዛችንን ጎዳው፤ ልጄም እንደ ቀድሞው ዝም እንዳለች ቀረች።

እርዳታ ያገኘሁት ካላሰብኩት ቦታ፣ ከአውቶቡስ ውስጥ ነው። በዚያን ጊዜ የሕፃን ጋሪ የምትገፋ እናት በመካከለኛው በር ገብታ ሳትከፍል ትጓዝ ነበር፤ ለመክፈል ስትል ልጇን ትታ ወደ ሾፌሩ እንዳትሄድ ነው። ለልጄ በአማርኛ ሳወራ የሰሙ አንዲት ጠና ያሉ የአገሬ ሴት ከጎናችን መጥተው ተቀመጡ።

«ይቺ ዝምተኛ ስሟ ማነው?» ብለው ጠየቁኝ። ነገሩን ሁሉ ስነግራቸው ራሳቸውን ነቀነቁ።

«የእኔ ልጅ፣ እዚህ አገር እንደኛ ሰው ቤት ዘው አይባልም እንጂ ልጅ የሚውልበት ሞልቷል። ነገ ጠዋት ክፍት መዋዕለ ሕፃናት ውሰጃት። ገንዘብ አይጠይቁሽም። ግን ጥለሻት አትሄጂም፤ አንቺም አብረሽ ነው የምትውይው» አሉኝ።

በስዊድንኛ «ኧፕና ፈርስኩላ» ይሉታል። ያለ ምዝገባ፣ ያለ ክፍያ፣ ወላጅ ከልጁ ጋር የሚገባበት ቤት ነው። ከበር ላይ ጫማ ይወልቃል። ሕፃናቱ ምንጣፍ ላይ ይጫወታሉ፤ ወላጆች ቡና እየጠጡ ያወራሉ። በተወሰነ ሰዓት ሁሉም ክብ ሠርቶ ይቀመጥና በእጅ ምልክት እየታጀበ ይዘፈናል። እኔን ይበልጥ ያስገረመኝ ከተቀመጡት ብዙዎቹ አባቶች መሆናቸው ነው። ስዊድን እ.ኤ.አ. በ1974 ዓ.ም. የወላጅነት ፈቃድን ለእናትም ለአባትም ያደረገች አገር ናት። ለአንድ ልጅ ከሚሰጠው 480 ቀን ውስጥ 90ው ለእያንዳንዱ ወላጅ ብቻ የተመደበ ነው።

የመጀመሪያ ቀን ልጄ ከጉልበቴ አልወረደችም። በሦስተኛው ቀን አንድ የእንጨት ማንኪያ አንስታ አጠገቧ ላለው ልጅ ሰጠችው። በሁለተኛው ሳምንት መምህርቷ በዘፈኑ መካከል ስሟን ስትጠራ እጇን አነሣች። ወደ ቤት ስንመለስ በአውቶቡሱ ውስጥ መንገዱን ሁሉ ስታወራ ሄደች። የምትለው ባይገባኝም ደስታዬ ወሰን አልነበረውም።

ከዚያ በኋላ ሳምንታችን መልክ ያዘ። ሁለት ጠዋት ክፍት መዋዕለ ሕፃናት፤ አንድ ጠዋት በአቅራቢያችን ወዳለው ቤተ መጻሕፍት የሕፃናት ክፍል፤ በሌሎቹ ቀናት ደግሞ ሠራተኞች ወደሚጠብቁት የሕፃናት መናፈሻ እንሄዳለን። እዚያ ባለ ሦስት እግር ብስክሌትና የአሸዋ መጫወቻ ያውሷታል። ብርዱን ስፈራ ስዊድናውያኑ «መጥፎ አየር የለም፤ ያለው መጥፎ ልብስ ነው» እያሉ ልጆቻቸውን በወፍራም ቱታ ጠቅልለው ያወጣሉ። እኔም ያገለገለ ቱታ በርካሽ ገዝቼ ተከተልኳቸው።

እንግዲህ እኔ የተማርኩት ይህ ነው። ሁለት ዓመት ያልሞላው ሕፃን አስደናቂ ነገር አይፈልግም። የሚፈልገው ዛሬ ያየውን ነገም ማየት፣ ስሙን የሚያውቅ ሰው ማግኘት ነው። ስለሆነም አዲስ ከተማ የምትገቡ እናቶች፣ ከታወቁት ሥፍራዎች በፊት በእግር የሚደረስበትን፣ የማይከፈልበትንና ተመላልሳችሁ የምትሄዱበትን አንድ ቦታ ፈልጉ። የት እንዳለ ለማወቅ ሕፃን ይዛ ያያችኋትን እናት ጠይቁ። እናንተም የምትቀመጡበት ወንበር ያለው መሆኑን እዩ፤ የእናት ብቸኝነት ወደ ልጅ ይጋባልና።

ይህ ነገር ባሕር ለተሻገረ ብቻ አይደለም። ከዱሮ ሰፈሯ ወጥታ ኮንዶሚኒየም የገባች እናትም የተዘጋ በርን ታውቀዋለች። እኔ ከተመለስኩ በኋላ በእኛ ሕንፃ ሥር ቅዳሜ ጠዋት አንድ ምንጣፍ አንጥፌ፣ አንድ ጀበና ቡና ይዤ ከልጄ ጋር ተቀመጥኩ። መጀመሪያ የመጣች አንዲት እናት ነበረች። በሚቀጥለው ቅዳሜ ምንጣፉ ጠበበን።