የድሮው ዳቦ ቤት ጋ ስትደርስ ታጠፍ



የፒያሳን ሰው መንገድ መጠየቅ ትዕግሥት ይጠይቃል። «ቀጥ ብለህ ውጣ፣ ድሮ ዳቦ ቤት የነበረው ጋ ስትደርስ ወደ ግራ ታጠፍ፣ ከዚያ የፈረሰውን ወርቅ ቤት አልፈህ ትንሽ እንደሄድክ ታገኘዋለህ» ይላችኋል። ጠያቂው ከክፍለ ሀገር የመጣ እንግዳ ከሆነ፣ የሌለውን ዳቦ ቤት ከየት አባቱ ያምጣው? እኛ ግን እንግባባለን። የአራዳ ሰው በሁለት ካርታ ነው የሚሄደው፤ አንዱ በዓይኑ የሚያየው፣ ሌላው በልቡ የያዘው። አትክልት ተራው በኮሮናው ጊዜ በ2012 ወደ ጃንሜዳ ከሄደ በኋላ ወደ ቦታው አልተመለሰም፤ የታክሲ ረዳቱ ግን ዛሬም «አትክልት ተራ ወራጅ አለ?» ይላል። ሽንኩርት የለ፣ ቲማቲም የለ፣ ወራጅ ግን አለ።

ስማችንም ቢሆን ሲታሰብ ያስቃል። «ፒያሳ» በጣሊያንኛ አደባባይ ማለት ነው። ጣሊያን በዚህች ከተማ የቆየው ከሚያዝያ 1928 እስከ 1933፣ አምስት ዓመት ብቻ ነው። ጠላትን አባረን ስሙን አስቀረነው፤ ማኪያቶውንም እንዲሁ። ከዚያ በፊት ቦታው አራዳ ነበር፣ በጊዮርጊስ ዙሪያ የሚቆም ትልቅ ገበያ። ገበያውን ወደ ምዕራብ የወሰደው ያው ጣሊያን ነው፤ ዛሬ መርካቶ የምንለው ከዚያ አደገ። ገበያው ሄደ፣ ብልጠቱ ግን እዚሁ ቀረ መሰለኝ፤ «አራዳ» ማለት ነቄ፣ የማይሸወድ ሰው ሆነ። በቅርቡ አንድ ወጣት ምስክርነት ሊሰጥ ተነሥቶ፣ «ወገኖች፣ ጌታ አራዳ ነው! ሰይጣን ሊሸውደኝ ሲል ቀድሞ ነቃበት» አለ። ወጣቶቹ «አሜን!» ብለው ጮኹ፤ ሽማግሌዎቹ እርስ በርስ ተያዩ። እኔ ዝም አልኩ። ጌታችን ራሱ በማቴዎስ 10 ደቀ መዛሙርቱን እንደ እባብ ልባሞች እንደ ርግብም የዋሆች ሁኑ ብሎ አልነበር የላካቸው? ወጣቱ የመጀመሪያውን ግማሽ ይዟል፤ ርግቧን ደግሞ ቀስ ብለን እናስተምረዋለን።

የሰፈሮቻችን ስም ደግሞ ራሱን የቻለ ስብከት ነው። ሰባ ደረጃ አለ፣ ውቤ በረሃ አለ፣ ዶሮ ማነቂያ ነበረ። የአጥቢያችን የጸሎት ቡድኖች በየሰፈራቸው ስም ስለሚጠሩ ማስታወቂያ ሲነበብ እንግዶች ሳቃቸውን መያዝ ያቅታቸዋል፤ «የዶሮ ማነቂያ የጸሎት ቡድን ረቡዕ ከሰዓት ይገናኛል» ሲባል ስሙት እስቲ። ከሁሉ የሚብሰው ግን «የእሪ በከንቱ የጸሎት ቡድን» ነው። እሪ በከንቱ እንደሚነገረው ሌባ የበዛበት፣ የተዘረፈ ሰው እሪ ቢል የሚደርስለት የማይገኝበት ሰፈር ስለነበር ነው ስሙ የወጣለት። እንግዲህ ለጸሎት ቡድን ከዚህ የባሰ ስም ይገኛል? «ጩኸት በከንቱ» ብሎ ጸሎት! ከሥነ መለኮት ኮሌጅ ለተግባር ልምምድ የመጣ አንድ ተማሪ ስሙ እንዲቀየር አጥብቆ ሐሳብ አቅርቦ ነበር፤ «ቤተ ሳይዳ» ይባል አለ። የቡድኑ እናቶች ግን እምቢ አሉ። «ስሙ ይቆይ» አሉ፤ «ውሸት መሆኑን እኛ እናሳያለን።»

ያን ጊዜ በዘፍጥረት 16 ያለችው አጋር ትዝ አለችኝ። ባሪያ ናት፣ ነፍሰ ጡር ናት፣ ከእመቤቷ ፊት ሸሽታ በምድረ በዳ በውኃ ምንጭ አጠገብ ተቀምጣለች። እሪ ብትል ማን ይሰማታል? እግዚአብሔር ግን አገኛት፤ ልጇንም እስማኤል በይው አላት፣ እግዚአብሔር ይሰማል ማለት ነው። እሷም ያየኝን አምላክ አየሁት ብላ ተደነቀች፤ ጕድጓዱም ብኤርለሃይሮኢ ተባለ። ሰው በተከፋበት ቦታ ላይ «ሰሚ የለም» ብሎ ስም ያወጣል። እምነት ደግሞ በዚያው ምድረ በዳ ላይ «የሚያይ አለ» ብሎ ሌላ ስም ያወጣል። መዝሙር 34ም የሚናገረው ስለ ጮኸና ስለ ተሰማለት ችግረኛ ነው። የእኛ እናቶች ስሙን ሳይቀይሩ ትርጉሙን ቀየሩት።

አሁን ወደ ልባችን ጉዳይ ልግባ። በየካቲት 2016 የዓድዋ ድል መታሰቢያ በመካከላችን ተመረቀ። በሚቀጥለው ወር በኮሪደር ልማቱ ፒያሳ መፍረስ ጀመረች፤ ዶሮ ማነቂያም ከሄዱት አንዱ ነው። ዛሬ መንገዱ ሰፍቷል፣ የእግረኛው መሄጃ ንጹሕ ነው፣ ማታ ማታ መብራቱ ያምራል፣ ሙሽሮች ፎቶ ይነሡበታል። ልጆቻችን ደስ ብሏቸው ይሮጡበታል፤ እኔም በምሽት ስሄድበት ደስ ይለኛል። በዚያው መንገድ ላይ ደግሞ አንድ ዕቃ የጠፋበት ሰው ይመስል ቆመው የሚያዩ ሽማግሎች አጋጥመውኛል። «አባቴ፣ ምን ጠፋብዎት?» ብዬ አንዱን ብጠይቃቸው፣ «ምንም አልጠፋብኝም፤ ቤቴ የት ጋ እንደነበረ እየለካሁ ነው» አሉኝ። ደስታውም እውነት ነው፣ ኀዘኑም እውነት ነው። ክርስቲያን አንዱን ለመቀበል ሌላውን መካድ የለበትም፤ ከሚደሰቱ ጋር መደሰትና ከሚያለቅሱ ጋር ማልቀስ በሮሜ 12 የተጻፉት በአንድ ቍጥር ውስጥ ነው።

እርግጥ ነው፣ በአራዳ መነሣትና መተከል አዲስ ነገር አይደለም። የዳግማዊ ምኒልክ ሐውልት በ1923 ንጉሠ ነገሥቱ ዘውድ በሚጭኑበት ዋዜማ ተመረቀ፤ ጣሊያን ሲገባ አስነቀለው፣ ከነፃነት በኋላ ተመልሶ ቆመ። ሐምሌ 22 ቀን 1928 በጠላት ጥይት የወደቁት የአቡነ ጴጥሮስ ሐውልት ደግሞ ለባቡሩ ሥራ በ2005 ተነሥቶ በ2008 ወደ ቦታው ተመለሰ። የጣይቱ ሆቴልም በጥር 2007 ተቃጠለ፤ ግን ዛሬም አለ። ድንጋይ ሲነቀል መልሶ መትከል ይቻላል። ሰው ሲበተን ግን ምን ይደረጋል? ጎረቤት ስንባል ቡና የተጠራራን፣ ዕድር ስንል ድንኳን የተካከልን፣ የአንዷን ልጅ ሌላዋ ያሳደገች ሰዎች ነበርን። አሁን አንዱ በከተማዋ አንድ ዳር፣ ሌላው በሌላው ዳር ነው።

አጥቢያችንም ይህ ነካት። እሁድ እሁድ መድረክ ላይ ስቆም ባዶ የሆኑትን አግዳሚዎች አውቃቸዋለሁ፤ ማን የት ይቀመጥ እንደነበር ዓይኔን ጨፍኜ እነግራችኋለሁ። ከኳየሩ የወንዶቹ ድምፅ ሳስቷል። ከሩቅ የሚመጡት ሁለት ሦስት ታክሲ ቀይረው፣ ልጅ አዝለው፣ ስብከቱ ሊያልቅ ሲል ይደርሳሉ። ስለዚህ ሽማግሌዎች ተሰብስበን ተወያየን። አንዱ «አውቶቡስ ተከራይተን በየሳምንቱ እናምጣቸው» አለ። ሌላው «የቤት ኪራይ ያልጨረስን ሰዎች አውቶቡስ ከየት?» አለ። ሦስተኛው ቀስ ብሎ፣ «ለምን በአቅራቢያቸው ላለች ቤተ ክርስቲያን በደብዳቤ አናስረክባቸውም?» ሲል ክፍሉ ጸጥ አለ። ሐሳቡ ስሕተት ስለሆነ አይደለም፤ ሁላችንም ስለወደድናቸው ነው።

ክርክሩን የፈቱት ግን ሽማግሌዎቹ አይደሉም። ከዶሮ ማነቂያ ተነሥተው ከከተማ ወጣ ባለ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ የገቡ አንዲት እናት አሉ። አሳንሰር የለም፤ ጕልበታቸው ደግሞ ደከም ብሏል። ስለ አውቶቡሱ ሲነገራቸው ሳቁ።

«ፓስተርዬ» አሉኝ፣ «አውቶቡስ ልካችሁ እኔን ከምትወስዱኝ፣ አውቶቡሱን ሞልታችሁ እናንተ ኑልኝ። ቡናው አለ። እዚህ ሁሉም በሩን ዘግቶ ነው የሚኖረው፤ ሰላም የሚለው የለም። እኔ በሬን ገርበብ አድርጌ ቡና ስቆላ ጢሱ ወደ ደረጃው ይወጣል። መጀመሪያ የሦስተኛ ፎቅ ልጅ መጣች፣ እሳት ተነሣ ብላ ደንግጣ። ሲኒ ሰጠኋት። አሁን ስድስት ሆነናል። ግማሾቹ የጊዮርጊስ ልጆች ናቸው፣ አንዷ ሙስሊም ናት፣ አንዱ ምንም አላምንም ይላል። እስቲ ጸልዩልን እንጂ!»

ወገኖች፣ የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 8 እና 11ን ከዚህ በኋላ ደግሜ አነበብኳቸው። በኢየሩሳሌም ስደት ተነሣ፣ አማኞቹም ተበተኑ። የተበተኑት ግን በሄዱበት ቃሉን ይናገሩ ነበር። ከመካከላቸው ስማቸው እንኳ ያልተጻፈልን ሰዎች አንጾኪያ ደረሱ፤ ብዙዎችም አመኑ። የኢየሩሳሌም ቤተ ክርስቲያን ወሬውን ስትሰማ ምን አደረገች? በርናባስን ላከች። በርናባስ ሲደርስ «በሉ ተነሡ፣ ወደ ኢየሩሳሌም እንመለስ» አላላቸውም። የእግዚአብሔርን ጸጋ አየና ደስ አለው፤ በጌታ እንዲጸኑም መከራቸው። ዛሬ ሁላችንም የምንጠራበት «ክርስቲያን» የሚለው ስም መጀመሪያ የወጣው በዚያች የተበተኑ ሰዎች ቤተ ክርስቲያን በመሠረቱባት ከተማ ነው። የተበተነ ሁሉ የጠፋ አይደለም፤ ገበሬም ዘሩን ሲበትነው ጣለው አይባልም፣ ዘራው ይባላል እንጂ።

ይህ በአገራችንም ታይቷል። በ1974 ደርግ የመሠረተ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያንን ሲዘጋና መሪዎቿን ሲያስር አባላቷ 5,000 ያህል ነበሩ። አዳራሽ የለ፣ ማይክራፎን የለ፣ ኳየር የለ። በየቤቱ በጣት የሚቆጠሩ ሆነው፣ ቀስ ብለው እያወሩ፣ ሳይዘምሩ ተሰበሰቡ። ደርግ ወድቆ በሩ ሲከፈት 34,000 ያህል ሆነው ወጡ። ስደት መልካም ነው ማለቴ አይደለም፤ የተሠቃዩት ያውቁታል። እኛ የገጠመን ደግሞ ስደት አይደለም፣ የከተማ ለውጥ ነው። ነገር ግን ያቺ ቤተ ክርስቲያን ያለ አዳራሽ በሰው ሳሎን ካደገች፣ እኛ በአራተኛ ፎቅ ሳሎን የማናድግበት ምን ምክንያት አለ?

ስለዚህ እንዲህ ወስነናል። በወሩ የመጨረሻ ቅዳሜ ሽማግሌዎችና ኳየሩ ተከፋፍለን ወደ ተበተኑት ቤት እንሄዳለን። አካባቢያቸው ባለች ቤተ ክርስቲያን ማገልገል የሚፈልጉትን ጸልየንና ባርከን እንልካለን፤ መሸኘት እንጂ መሸሸግ የእረኛ ሥራ አይደለም። እሁድ እዚህ መምጣት የሚሹትን ደግሞ፣ ዘግይተው ቢገቡም፣ ዞር ብሎ የሚያያቸው አይኑር። ከዶሮ ማነቂያ የጸሎት ቡድን ጋር ያላችሁ ደግሞ ስማችሁን አትቀይሩ። ሰፈሩ ባይኖርም ቡድኑ አለ። እግዚአብሔር በኤርምያስ 29 ወደ ባቢሎን ለተወሰዱት ቤት ሥሩ፣ አትክልት ትከሉ፣ ስለ ከተማይቱም ሰላም ጸልዩ ብሎ እንዳዘዘ፣ እናንተም ስለ አዲሱ ሰፈራችሁ በስም እየጠራችሁ ጸልዩ፦ ስለ ጥበቃው፣ ስለ ሱቁ ባለቤት፣ ሌሊት ሙዚቃ ከፍቶ ስለሚረብሻችሁ ጎረቤት። ስለ እሱ በተለይ።

አንድ ነገር ቀርቶኛል። ከመጨረሻው አግዳሚ፣ ከበሩ አጠገብ የሚቀመጥ አንድ ወንድም ነበር። ስሙን በመዝገብ እንዲያስገባ ሲጠየቅ «ገና እያየሁ ነው» ይል ነበር፤ ማንም አላስገደደውም። ሰፈሩ ሲነሣ እሱም ሄደ፤ ስልኩን የያዘ ሰው የለም። ወንድሜ፣ ይህን የምታነበው ከሆነ፣ ያሉህ ጥያቄዎች አሁንም ተፈላጊዎች ናቸው። እኛ አድራሻህን አናውቅም፤ አጋርን በምድረ በዳ ያገኛት ጌታ ግን ያውቀዋል፣ እሱ ሰው ለማግኘት ዳቦ ቤቱ የት ጋ እንደነበረ መጠየቅ አያስፈልገውም። ባለህበት አቅራቢያ በሩን ገርበብ አድርጎ ቡና የሚቆላ ሰው ካለ ግባ፤ ከእኛ አንዱ ሊሆን ይችላል።

የጌታችን የኢየሱስ ክርስቶስ ጸጋ፣ ባላችሁበት ሰፈር ሁሉ፣ ከእናንተ ጋር ይሁን። አሜን።