ያልተሸጡት የሣር ቤቶች

ዛሬ ወደ ሩቅ አገር፣ ወደ ጃፓን እንሂድ። የምናየው ከተማውንና ፋብሪካውን አይደለም። ገበሬ የኖረበትን የተራራ ሸለቆ ነው።

ቦታው ሺራካዋ ይባላል። ከታካያማ ከተማ በአውቶቡስ አንድ ሰዓት ያህል ያስኬዳል። እዚያ በሾ ወንዝ ዳር ኦጊማቺ የተባለች መንደር አለች።

ቤቶቹን ሳይ ገረመኝ። የሣር ክዳን ናቸው! ግን እንደ እኛ ጎጆ ክብ አይደሉም። ጣሪያቸው ለጸሎት የተገጠሙ ሁለት እጆች ይመስላል። ስማቸውም የመጣው ከዚህ ነው። በብርድ ወራት እዚያ የሚወርደው በረዶ ከሰው ቁመት ሊበልጥ ይችላል። ጣሪያው ቀጥ ያለ ስለሆነ በረዶው ብዙ ሳይከብደው ይንሸራተታል።

ከእነዚህ ቤቶች አንዳንዶቹ እንግዳ ያሳድራሉ። እንዲህ ያለው ማደሪያ ሚንሹኩ ይባላል። ሆቴል አይደለም፤ የቤተሰብ ቤት ነው። እኔም አንድ ሌሊት አደርኩ።

ጫማ ደጃፍ ላይ ይወልቃል። ወለሉ ከገለባ የተሠራ ወፍራም ምንጣፍ ነው። አልጋ የለም። ማታ ፍራሽ ይነጠፋል፤ ጧት ታጥፎ ይነሣል። ክፍልን ከክፍል የሚለየው ወረቀት የተለበጠበት ተንሸራታች በር ነው። ስለዚህ ጎረቤት ሲያንኮራፋ ይሰማል!

ገላ መታጠብም ደንብ አለው። መጀመሪያ ከገንዳው ውጭ ታጥቦ መጥራት ነው። ከዚያ ሙቅ ውሃው ውስጥ ይገባል። ውሃው የሁሉም ስለሆነ ማቆሸሽ ነውር ነው። እራቱ ሩዝ፣ የወንዝ ዓሣ፣ የተራራ ቅጠላ ቅጠልና ከአኩሪ አተር የተብላላ ማባያ ነበር።

በቤቱ መካከል ምድጃ አለ። የጣሪያው እንጨት በሚስማር አልተመታም፤ በገመድና በቅርንጫፍ ታስሯል። የምድጃው ጢስ ሣሩንና ገመዱን ከነቀዝና ከብስባሴ ይጠብቃል። የሣር ቤት ያለው አንባቢ ይህን ከእኔ የበለጠ ያውቀዋል። ከጣሪያው ሥር ባለው ቆጥ ላይ ዱሮ የሐር ትል ይረባ ነበር።

እነዚህ ቤቶች ግን ሊጠፉ ተቃርበው ነበር። በሾ ወንዝ ላይ ሚቦሮ የተባለ ግድብ ተሠርቶ በ1961 አለቀ። (ዓመቶቹ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) ከግድቡ በላይ የነበሩትን መንደሮች ውሃ ዋጣቸው። ብዙ ወጣት ወደ ከተማ ሄደ። አንዳንዱ ቤቱን ሸጠ፤ ቤቱም ተነቅሎ ሌላ ቦታ ተተከለ።

በ1971 የኦጊማቺ ሰዎች ተሰብስበው ሦስት ነገር ወሰኑ። ቤታችንን አንሸጥም። አናከራይም። አናፈርስም። ይህ ቀላል ቃል አይደለም። ገንዘብ ለቸገረው ሰው «አልሸጥም» ማለት ይከብዳል። በ1976 የጃፓን መንግሥት መንደሯ እንድትጠበቅ አደረገ። በ1995 ደግሞ የላሊበላ አብያተ ክርስቲያናት ባሉበት የዓለም ቅርስ መዝገብ ገባች። ዛሬ ከእንግዳ የሚገኘው ገንዘብ ለኑሮ ይረዳል።

ቢሆንም ሥጋቱ አላለቀም። ሣር እሳት ይፈራል። ስለዚህ በየቦታው ውሃ የሚረጭ መሣሪያ ተተክሏል፤ ነዋሪውም በተራ እየዞረ ይጠብቃል። ክዳኑም በሠላሳ ዓመት አንድ ጊዜ ያህል መታደስ አለበት። ይህ የአንድ ቤተሰብ አቅም አይደለም። ስለዚህ ዩኢ የሚባል ልማድ አላቸው፤ እኛ ደቦ እንለዋለን። መቶና ከዚያም በላይ ሰው ወጥቶ አንዱን የጣሪያ ጎን በአንድ ቀን ይከድናል። ዛሬ ብዙውን ሥራ ባለሙያዎች ይሠሩታል፤ ደቦው ግን ፈጽሞ አልጠፋም።

ሌሊት ተኝቼ ጣሪያውን አሰብኩ። ሚስማር የሌለው ቤት የቆመው በገመድ ብቻ አልነበረም። የጎረቤት እጅም ይዞታል። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የሚባለው እውነት ነው።

እስቲ ተወያዩበት። እናንተ ብትሆኑ ትሸጡ ነበር?