ገብስና ማደሪያው

ከጎንደር ወደ ደባርቅ በሚወስደው መንገድ ላይ የምትገኘው ኮሶዬ ብርዳም ደጋ ናት፤ ሀብቷም ገብስ ነው። ገብሱ ተነክሮ ይበቅላል፤ ብቅሉ ከጌሾ ጋር ይጠነሰሳል፤ አሻሮ ታክሎበት ይደፈደፋል፤ በመጨረሻም ጠላ ይሆናል። ይሁን እንጂ ጣዕሙን የሚወስነው እህሉ ብቻ አይደለም። ጠማቂዋ ጋኑን በግራዋ አጥባ በወይራ ታጥነዋለች። ጭሱም በሸክላው ውስጥ ተሸሽጎ ይቆይና በመጠጡ ይገለጣል። አሳላፊዋ ጥቂት በመዳፏ ጠብ አድርጋ ከቀመሰች በኋላ ለእንግዳው ስትቀዳለት፣ አስቀድሞ የወይራው ሽታ፣ ቀጥሎ የጌሾው ምሬት፣ ኋላም የገብሱ ልስላሴ ይደርሰዋል።

በስኮትላንድም ከገብስ ብቅል የሚወጣው ውስኪ፣ በአገሩ ሕግ መሠረት፣ ኦክ ከተባለው ዛፍ በተሠራ በርሜል ቢያንስ 3 ዓመት ይቀመጣል። አንዳንዱ በስተመጨረሻ ጣፋጭ ወይን ጠጅ ወደ ነበረበት በርሜል ይዛወራል፤ የወይኑንም ጣዕም ይወርሳል። የዚያ በርሜል ዓይነት በጠርሙሱ ላይ ተጽፎ ዋጋ ያወጣል።

የኮሶዬዋ ጠማቂ ይህንኑ ምሥጢር ከእናቷ ተምራዋለች፤ ጽሑፍ ግን የለውም። ስለዚህ ጋኑ በፕላስቲክ በርሜል በተተካ ቁጥር የሚጠፋው ዕቃው ብቻ አይደለም። ፕላስቲክ በወይራ አይታጠንምና ዕውቀቷም ማደሪያ ያጣል።