ዶሮዋ ዛሬም ጠፋች

ቡናው እስኪፈላ ስለ አንዲት ዶሮ እንጫወት። ስሟ ቺካሌታ ይባላል። የአንዲት የባሕር ዳርቻ ከተማ ከንቲባ በእጅ ቦርሳዋ ይዛት ትዞራለች። ዶሮዋ ታዲያ መጥፋት ትወዳለች። በጠፋች ቁጥር ከንቲባዋ ጎረቤት አትጣራም፣ የከተማዋን ሠራተኞች አታሰማራም፣ ራሷም ቀና ጎንበስ ብላ አትፈልግም። ስልኳን አንስታ ለአንድ የ10 ዓመት ልጅና ለቡችሎቹ ትደውላለች።

ትንሽ ልጅ ያለበት ቤት የሚኖር ሰው ስለ ፓው ፓትሮል እያወራሁ መሆኑ ገና ዶሮዋ ስትነሳ ገብቶታል። ለሌሎቻችሁ ባጭሩ ላስተዋውቃችሁ። በካናዳ የሚሠራ የኮምፒውተር ካርቱን ነው፤ በአሜሪካው ኒኬሎዲዮን መታየት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2013 ነው። ራይደር የሚባል ልጅ ስድስት ቡችሎች አሉት። ቼዝ ፖሊስ ነው፣ ማርሻል እሳት አጥፊ፣ ራብል ግንበኛ፣ ስካይ ሄሊኮፕተር አብራሪ፣ ሮኪ ከተጣለ ዕቃ መሣሪያ የሚሠራ፣ ዙማ ደግሞ ውሃ ላይ የሚሠማራ። የራይደር እናትና አባት የት እንዳሉ ማንም አይጠይቅም። የልጅ ካርቱን ነውና እኔም አልጠይቅም።

የማልምረው ሌላ ነገር ነው። አንዱን ክፍል ያየ ሁሉንም አየ ብል ብዙ አልተሳሳትኩም። ራይደር መሣሪያውን ነካ ሲያደርግ ቡችሎቹ አንገት ላይ ያለው ምልክት ያበራል። ሁሉም የያዙትን ጥለው ወደ ቡድኑ ማማ ይሮጣሉ። አምስቱ አሳንሰር ውስጥ ገብተው ይጠብቃሉ። ማርሻል መጨረሻ ላይ ይመጣና አንድ ነገር አዳልጦት፣ ተንከባሎ፣ አምስቱንም ጠራርጎ ይጥላቸዋል። አንድ ቀልድ ጣል ያደርጋል፣ ይሳቃል። አሳንሰሩ ወደ ላይ ሲወጣ የሥራ ልብስ ለብሰው ይገኛሉ። ይሰለፋሉ፤ ቼዝ ዝግጁ መሆናቸውን ለአለቃው ያሳውቃል። ራይደር በትልቁ ስክሪን ላይ የደረሰውን ችግር ያስረዳል፤ አብዛኛውን ጊዜ ሁለቱን ይመርጣል። የተመረጡት በመንሸራተቻው ቁልቁል ይወርዳሉ፣ የውሻ ቤታቸው መኪና ይሆናል፣ መኪናው ይከንፋል። ዶሮዋ ይህ ሁሉ እስኪያልቅ ያለችበት ሆና ትጠብቃለች።

አንዱ ታሪክ 11 ደቂቃ ገደማ ነው። ከዚያ ላይ የአሳንሰሩን ጉዞ፣ ምርጫውን፣ መንሸራተቻውንና ማሳረጊያ ላይ የሚወርደውን ሙገሳ ቀንሱ። ለችግሩ የተረፈው ጊዜ ትንሽ በመሆኑ መፍትሔውም ትንሽ ነው፤ ከመኪናው አንድ ክንድ ወይም አንድ መሰላል ይወጣል፣ ነገሩ ያልቃል። ማንም አይሳሳትም። አንዱ ሌላውን አይቀየምም፣ ቢቀየምም ከደቂቃ አያልፍም።

ልጆች ድግግሞሽ ይወዳሉ እንደምትሉኝ አውቃለሁ። እውነት ነው፣ የአያቶቻችን ተረትም ይደጋግማል። ተረቱ ግን በተደጋገመ ቁጥር አንድ ነገር ይጨምራል፤ ጦጣ ሁለተኛ ስትመጣ በመጀመሪያው ተንኮሏ አትመጣም። እዚህ ያው አሳንሰር ነው፣ ያው ማርሻል፣ ያው አወዳደቅ።

አንዱ ምክንያት ገንዘብ ነው። በኮምፒውተር በሚሠራ ካርቱን እያንዳንዱ ገጸ ባሕርይ ቅርጹ ተሠርቶ፣ መገጣጠሚያው ተበጅቶለት፣ ፀጉርና ልብሱ ቀለም ተቀብቶ ነው መንቀሳቀስ የሚችለው። አንዴ የተሠራውን መልሶ መላልሶ መጠቀም ይረክሳል፤ አዲስ ሰው መጨመር ያስወጣል። ለዚህ ነው አድቬንቸር ቤይ የሚባለው ከተማቸው ሁልጊዜ ጭር ያለው። ከንቲባዋ አለች፣ ጀልባው ላይ ሁሌም ችግር የማያጣው ካፒቴን ተርቦት አለ፣ ገበሬው አለ፣ ገበሬዋ አለች። ሌላው ሕዝብ የት ሄደ? ሠሪዎቹ ለወጪያቸው ቢሰስቱ አልፈርድባቸውም። ግን በትንሽ ወጪም ጥሩ ታሪክ መጻፍ ይቻላል።

ዋናው ምክንያት ያለው ከጀርባ ነው። ካርቱኑን የሚሠራው ስፒን ማስተር የሚባል የቶሮንቶ ኩባንያ ሥራውን የጀመረው መጫወቻ በመሸጥ ነው። በ1994 መጀመሪያ ለገበያ ያወጣው ዕቃ (ይህን ሳልናገር አላልፍም) ውሃ ሲጠጣ አናቱ ላይ ሣር የሚበቅልበት፣ ከሴቶች ስቶኪንግ የተሠራ የሰው ጭንቅላት ነበር! በ2010 ይኸው ኩባንያ የልጆች ፕሮግራም ፈጣሪዎችን፣ ቅርጻቸው የሚቀያየር መጫወቻ መኪኖች ያሉበት ሐሳብ አምጡልኝ አላቸው። ከቀረቡለት መካከል የመረጠው የኪት ቻፕማንን ነው፤ ቦብ ዘ ቢልደርን የፈጠረውን እንግሊዛዊ። ልብ አላችሁ? መኪናው ከቡችላው ቀድሞ ተወለደ።

ይህን ካወቃችሁ ቡችሎቹ ለምን ሰሞን በመጣ ቁጥር ልብስ እንደሚቀይሩ ለመረዳት አትቸገሩም። አንድ ሰሞን የባሕር ዘመቻ ነው፣ አንድ ሰሞን ዳይኖሰር ማዳን፣ አንድ ሰሞን ልዩ ኃይል አግኝተው ይበራሉ፣ አንድ ሰሞን ጥሩር ለብሰው እንደ ጥንት ፈረሰኛ ይሆናሉ። በየዘመቻው አዲስ መኪና አለ፤ መኪናው መጫወቻ መደብር መደርደሪያ ላይም አለ። ባለፈው ዓመት የተገዛው ቤት ውስጥ ከሶፋ ሥር ተኝቷል፣ ልጁ ግን የዘንድሮው ይገዛልኝ ይላል። በአሜሪካ የ1990ው የልጆች ቴሌቪዥን ሕግ ማስታወቂያ በሰዓት ውስጥ ቅዳሜና እሑድ ከ10 ደቂቃ ተኩል፣ በሌሎች ቀናት ከ12 ደቂቃ እንዳይበልጥ ይከለክላል። ፕሮግራሙ ራሱ ማስታወቂያ ሲሆን ግን ደቂቃ የሚቆጥር የለም።

ደግሞ አይደብቁም። በ2021 በወጣው የሲኒማ ፊልማቸው ይህ ሁሉ መሣሪያ በማን ገንዘብ ተገዛ የሚል ጥያቄ ይነሳና መልሱ ከፓው ፓትሮል መጫወቻዎች ሽያጭ የሚል ሆኖ ይገኛል። ቀልድ ነው። እኔም ስቄያለሁ፣ ግን መኪና የገዛ አባት ሆኜ ነው የሳቅኩት።

ምሁራንም ገብተውበታል። በ2020 ሊያም ኬኔዲ የሚባል ካናዳዊ የወንጀል ጥናት መምህር፣ ፕሮግራሙ መንግሥትን ደካማ አድርጎ እያሳየ ችግርን የሚፈታው የግል ድርጅት ነው የሚል መልእክት ለልጆች ያስተላልፋል ብሎ ጽፏል። አሜሪካ ውስጥ ጆርጅ ፍሎይድ በፖሊስ ከተገደለ በኋላ ደግሞ በፖሊሱ ቡችላ በቼዝ ላይ ጭምር ቀልድ አዘል ተቃውሞ ተነሳ፤ ወሬው ከመራቁ የተነሳ የኋይት ሐውስ ቃል አቀባይ ፕሮግራሙ ተሰርዟል እስከማለት ደረሱ፤ አልተሰረዘም ነበር። ኬኔዲ ያየው ነገር አለ። ከንቲባዋ ዶሮዋን እንኳ መጠበቅ አትችልም፤ የጎረቤት ከተማው ከንቲባ ሃምዲንገር ደግሞ ዋናው ተንኮለኛ ነው። እኔ ግን ካርቱኑ ስለ መንግሥት ያን ያህል አስቦ የተሠራ አይመስለኝም። የታሰበበት ስለ ጎማው ነው።

የዙማ ነገር ሆዴን ይበላኛል። ባሕር ዳር ያለ ከተማ ውስጥ የውሃ ሠራተኛ ሆኖ ብዙውን ጊዜ ሳይጠራ ይውላል። ስካይም ከመጀመሪያዎቹ ስድስት ብቸኛዋ ሴት ነበረች፤ ልብሷ ሮዝ፣ አካሏም ትንሽ። ዋናው ታሪክ የእሷ የሆነበትን የሲኒማ ፊልም ለማየት እስከ 2023 ድረስ 10 ዓመት ጠብቃለች።

ሌላ ምን እናሳያቸው ለምትሉኝ፣ ውሻን ከውሻ ማወዳደር ይሻላልና ብሉይን እዩ። በ2018 አውስትራሊያ ውስጥ የተጀመረ ነው፤ አንዱ ክፍል 7 ደቂቃ ገደማ ብቻ ነው። እሱም መጫወቻ ይሸጣል፣ ጻድቅ አላደርገውም። ታሪኩ ውስጥ ግን ሁለት እህትማማቾች በጨዋታ ይጣላሉ፣ አባት ይደክመዋል፣ እናት ትቆጣለች፣ ከዚያ አንዳቸው ሌላውን የሚታረቁበትን መንገድ ይፈልጋሉ። እዚያ ቤት ችግር ሲመጣ ለማንም አይደወልም።

ፓው ፓትሮልን ግን ከቤት አባሩት አልላችሁም። ልጅ አያስፈራም፣ አያባልግም፣ ወጥ ሲሠራ 20 ደቂቃ ፋታ ይሰጣል፤ ውጭ አገር ሁለት ፈረቃ ለሚሠራ ወላጅ ያ ቀላል አይደለም። ልጁ አንዱን መኪና አምርሮ ከጠየቃችሁ ግዙለት፣ ቴሌቪዥኑን ግን አጥፉት። ከሁለቱ የሚሻለው መኪናው ነው፤ ልጁ ወለል ላይ ሲነዳው አሳንሰር አይጠብቅም፣ ዶሮዋንም በፈለገበት ያጠፋታል።