የፍላጻው ባለቤት

ናሚቢያና ቦትስዋና በሚዋሰኑበት የካላሃሪ ምድረ በዳ፣ የሳን ሕዝብ ወገን የሆኑት የጁሆአንሲ አዳኞች ደጋን ትንሽና ጉልበቱ አነስተኛ ነበር። ትልቁን አውሬ የሚጥለው ከጥንዚዛ እጭ የሚወጣው መርዝ ነው። መርዙ የሚቀባው በስለቱ ላይ ሳይሆን ከስለቱ በስተኋላ ነው፤ ስለቱ የአዳኙን እጅ ቢጭረው እንኳ ለሞት እንዳይዳርገው። ፍላጻው ከተሰካ በኋላ የሸምበቆው ዘንግ ተላቆ ይወድቃል፤ መርዘኛው ጫፍ ግን በሥጋው ውስጥ ይቀራል።

ይሁን እንጂ አዳኙ ከኮሮጆው ፍላጻ ሲመርጥ ቀጥተኛነቱንና ስለቱን ብቻ አልነበረም የሚመለከተው። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ በዶቤ አካባቢ ጥናት ያካሄዱት አንትሮፖሎጂስት ሪቻርድ ሊ እንደ መዘገቡት፣ ሥጋውን የማከፋፈል መብት የገዳዩ ሳይሆን የፍላጻው ባለቤት ነበር። ፍላጻ ደግሞ በስጦታና በውሰት ከእጅ ወደ እጅ ይዘዋወራል። ባለቤቱ ጉልበቱ የደከመ ሽማግሌ፣ ወይም ለአደን የማትወጣ ሴት ልትሆን ትችላለች። ማከፋፈሉም ክብር ብቻ አልነበረም፤ ድርሻው ያነሰበት ሁሉ የሚያጉረመርመው በአከፋፋዩ ላይ ነውና።

ስለዚህ ፍላጻ መምረጥ ሰው መምረጥ ነበር። ዒላማ የማይስተው ጎበዝ የሌላውን ፍላጻ በወረወረ ቁጥር፣ ግዳይ የሚያመጣበትን ትዕቢት ከሥጋው ጋር አስረክቦ፣ እንደ ማንኛውም የሰፈሩ ሰው ድርሻውን ለመቀበል ይቀመጣል።