የልብ ወለድ ዳኛ ኑዛዜ

ከእናንተ መካከል የቀን ትምህርቱን ወይም የቢሮ ሥራውን ጨርሶ ማታ ማታ አጭር ልብ ወለድ የሚጽፍ እንዳለ አውቃለሁ። ለውድድር ስትልኩም «ዳኞቹ የሚፈልጉት ምን ይሆን?» እያላችሁ ሳትጨነቁ አትቀሩም። እኔም ከዳኞቹ አንዱ ሆኜ ስለ ነበር፥ የምንፈልገውን ብቻ ሳይሆን እኔ ራሴ የሳትሁትንም ልነግራችሁ እወዳለሁ።

በ2009 ዓ.ም. ለአንድ ውድድር የቀረቡ 62 ታሪኮች ተሰጡኝ። የደራሲዎቹ ስም ተሰውሮ በየድርሰቱ ራስጌ ላይ ቁጥር ብቻ ተጽፎ ነበር። ብዙዎቹ ፀሐይ ስትጠልቅ ይጀምሩና ባለታሪኩ ሲሞት ያልቃሉ። ሞት በልብ ወለድ ውስጥ ነውር አይደለም፤ ነገር ግን ደራሲው መውጫ ሲያጣ የጠራው እንደ ሆነ ያስታውቃል። ሌሎቹም በመጨረሻው ገጽ ላይ «ስለዚህ ከመጥፎ ጓደኛ መራቅ ይገባል» እያሉ ይመክራሉ። ታሪኩ በደንብ ከተነገረ ምክሩን አንባቢው ራሱ ያገኘዋል፤ ካልተነገረ ግን ምክሩ አያድነውም።

ታዲያ የምንፈልገው ምንድን ነው? አንድ ሰው አንድ ነገር አጥብቆ ሲመኝ በዐይናችን እንድናይ ነው። ሩሲያዊው ደራሲ ኒኮላይ ጎጎል «ካፖርቱ» የተባለውን ታሪኩን እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1842 ዓ.ም. አሳተመ። እርሱ ራሱ በወጣትነቱ በፒተርስበርግ የመንግሥት ጸሐፊ ስለ ነበር የቢሮን ኑሮ ያውቀዋል። ባለታሪኩ ወረቀት እየገለበጠ የሚኖር ድኻ ጸሐፊ ነው፤ ምኞቱም አዲስ ካፖርት ማሰፋት ብቻ ነው። ገንዘቡን ለማጠራቀም ሲል የማታ ሻዩን ይተዋል፤ ሻማ አያበራም፤ የጫማው ሶል እንዳያልቅ በጣቱ ጫፍ ይራመዳል። ካፖርቱንም በለበሰበት በዚያው ዕለት ሌሊት ይቀማል። ስለ ድኽነት አንድ ገጽ ስብከት ከማንበብ ያችን ያልበራች ሻማ ማየት አይበልጥምን?

አሁን ወደ ጥፋቴ ልመለስ። ቁጥር 43 በእጅ የተጻፈ፥ ስርዝ ድልዝ የበዛበት፥ ፊደሉም የተሳሳተ ነበር። የደረሰኝም ሲመሻሽ፥ ዐይኔ ከደከመ በኋላ ነው። አንድ ወጣት የመጀመሪያ የቅጥር ደብዳቤውን ማንበብ ለማትችል እናቱ ይዞላት ይሄዳል። እርሷም እጇን በቀሚሷ ጠርጋ ተቀበለችው፤ ዘቅዝቃም ይዛ ብዙ ጊዜ ተመለከተችው። ልጁም አላቃናላትም። ታሪኩ በዚህ አለቀ። እኔም «ያላለቀ ነው» ብዬ ከ10 ነጥብ 4 ሰጠሁት።

ውጤቱን ባስረከብሁ በሳምንቱ ከቤቴ ተቀምጬ አንድ ደብዳቤ ሳነብ ያች እናት ትዝ አለችኝ። አንደኛ ያልሁትን ታሪክ ለማስታወስ ሞከርሁ፤ አልመጣልኝም። በማግሥቱ ማልጄ ወደ አዘጋጆቹ ሄድሁ። ጸሐፊውም በትሕትና «ጋሼ፥ ውጤቱ ተፈርሞ አልቋል» አለኝ።

ከዚያ ወዲህ ድርሰትን ሁለት ጊዜ፥ በሁለት ቀን አነባለሁ፤ ነጥብ የምሰጠውም ሳምንት አሳድሬ በልቤ የቀረውን ካየሁ በኋላ ነው። እናንተም ስትጽፉ ፊደላችሁን አርሙ፤ ዳኛ የሚደክም ሰው ነውና። ከሁሉ በፊት ግን በዐይናችሁ ያያችሁትን አንዲት ነገር አትዝለሉ።

የቁጥር 43 ባለቤት ሆይ! ስምዎን አላውቅም። ምናልባት በዚያ ውጤት ተስፋ ቆርጠው ብዕርዎን አስቀምጠው ይሆናል። ይህን ገጽ ካነበቡ፥ ጥፋቱ የእኔ እንጂ የድርሰትዎ እንዳልነበረ ይወቁልኝ። እናትየዋ ደብዳቤውን እንደ ዘቀዘቀች እስከ ዛሬ ከፊቴ ቆማለች። እባክዎ ይጻፉ።